በጠላ የታጠበው ቦይለር

ከሁሉ በፊት ማን እንደሆንኩ ላስታውቅ፤ መልካሙ እባላለሁ። በላስታ ምድር የውሃ ማሞቂያ በርሜል ከፍቶ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ የሰደደ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የሰደደ ካለ ይምጣና ይናገር፤ እስከ ዛሬ የመጣ የለም። የቧንቧ ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደል የቆጠርኩት ደብር ጥግ ነው፤ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ የቀረውን ከብረት ተማርኩ። ብረት ጥሩ መምህር ነው፤ ሲሳሳቱ ወዲያው ያቃጥላል። ግራ እጄን ያየ ሰው ምን ያህል ትጉ ተማሪ እንደነበርኩ ይገባዋል።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ዘመን፣ ላሊበላ ውስጥ በነበረ አንድ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ነው። ቤቱ ቀድሞ የአንድ ባላባት መኖሪያ ነበር። ተወረሰና ከአውራጃና ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሹማምንት ማደሪያ ሆነ። የማረፊያው ኃላፊ ጓድ ታረቀኝ የሚባሉ፣ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«ሁሉን እችላለሁ ጓድ።»

«ሁሉን የሚችል ሰው አላጣሁም፤ ስብሰባ ላይ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው እንጨት ፈላጭ ነው።»

«እሱንም እችላለሁ።»

በጉልበት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ እንጨት መፍለጥና ቦይለር ማንደድ ሆነ። ቦይለሩ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆመ ወፍራም የብረት በርሜል ነው። ከሥሩ ምድጃ አለው። ቀዝቃዛው ውሃ ከዳገቱ ላይ ካለው ማጠራቀሚያ በቧንቧ ይወርድና ከታች ይገባል፤ የሞቀው ከላይ ይወጣል። ከምድጃው ከፍ ብሎ አንዲት የዛገች ቧንቧ ነበረች። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኩ።

«አይነካም» አሉ ጓድ ታረቀኝ።

እኔን «አይነካም» ማለት «እባክህ ንካው» እንደማለት ነው። ቢሆንም የዚያን ቀን አልነካሁም። አዲስ ነበርኩ።

የእኛን አገር ውሃ የጠጣ ያውቀዋል። ጥሩ ውሃ ነው፤ ነገር ግን ሲፈላ ነጭ ይጥላል። የሻይ ማንቆርቆሪያ የገዛ ሰው ዓመት ሳይሞላው ውስጡ ኖራ የተቀባ ይመስለዋል። በማንቆርቆሪያ ይህን ያህል ከጣለ፣ ከባላባቱ ዘመን ጀምሮ አንድም ቀን ሳይከፈት በነደደ በርሜል ሥር ምን ያህል እንደጣለ ገምቱ። ከታች ድንጋይ ሠርቷል። እሳቱ ድንጋዩን ያግላል፤ ከድንጋዩ ሥር የታፈነው ውሃ ይፈላና መውጫ ያጣል፤ ከዚያ በርሜሉን ከውስጥ ይመታዋል። መጀመሪያ ጉድ ጉድ ይላል፤ እየቆየ ሲሄድ ጧ! ይላል።

ተኩስ ብርቅ ያልሆነበት ዘመን ነበር። አንድ ጠዋት ጓድ ታረቀኝ በግቢው ለዘበኞቹ መመሪያ ሲሰጡ ቦይለሩ ተኮሰ። ዘበኞቹ መሬት ላይ ተደፉ። ጓድ ታረቀኝ ከሁሉም ቀድመው ተደፍተው ነበር።

«ከየት ነው የሚተኮሰው?» አሉ አፈር ላይ እንዳሉ።

አንሶላና ፎጣ የምታጥበው እትዬ ዘርፌ ዘንቢሏን እንደተሸከመች ቆማ ታያቸዋለች። «ከመታጠቢያ ቤት ነው ጓድ» አለቻቸው።

ጓድ ታረቀኝ ተነሡ፤ ጉልበታቸውን አራገፉ፤ ወደ እኔ መጡ። «ይኼ አሻጥር ነው» አሉ።

የዛሬ ልጆች ይህን ቃል በቀልድ ትሉታላችሁ። ያኔ ቀልድ አልነበረም። ወፍጮ ቢሰበር አሻጥር ነበር፤ ዳቦ ቢያር አሻጥር ነበር። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከሥራው ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ የሚገባበትም ቦታ ነበረው።

«ከክፍለ ሀገር የንብረት ተቆጣጣሪ ይመጣል» አሉ ጓድ ታረቀኝ። «እሱ እያለ ይህ ነገር አንዴ ቢተኩስ፣ አሻጥረኛው መልካሙ ነው ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ።»

«ዝም ቢልስ?»

አሰቡ። «ዝም ካለ ረዳት የጥገና ሠራተኛ ትባላለህ። ቱታም ታገኛለህ።»

በአንድ በኩል እስር ቤት፣ በሌላ በኩል ሰማያዊ ቱታ። አስተዋይ ሰው እስር ቤቱን ያስብ ነበር። እኔ ሌሊቱን ያሰብኩት ቱታውን ለብሼ ገበያ ስወጣ ሰው ምን እንደሚል ነው።

በማግሥቱ እሳቱን አጠፋሁ። በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ ብል ግራ እጄ ይመሰክርብኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ጠበቅኩ እላለሁ። የቀዝቃዛውን ውሃ መግቢያ ዘጋሁ። ያቺ «አይነካም» የተባለች ቧንቧ የዝቃጭ ማውጫ መሆኗን ገምቼ ጎማ ሰካሁባትና ጫፉን ወደ ቦዩ ዘረጋሁ፤ ከፈትኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

ጎማውን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳብኩ። የባላባቱን ዘመን ዝቃጭ ቀመስኩት። ስለ ጣዕሙ ብትጠይቁኝ፣ ባላባቱ በዚህ ውሃ እግራቸውን ይታጠቡ እንደነበር ብቻ እነግራችኋለሁ።

በኋላ ገባኝ። በርሜል አየር ካልገባለት ውሃ አይለቅም። መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ያለውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ መክፈት ነው። እሱን ከፈትኩ። አሁንም አልመጣም፤ ቀዳዳው በዝቃጭ ተደፍኗል። ሽቦ አምጥቼ ፊቴን ወደ ቀዳዳው አቅርቤ ቆረቆርኩ። ይህን ስትሠሩ ከቀዳዳው ፊት አትቁሙ፤ ከጎን ቁሙ። እኔ ከፊት ነበርኩ።

ተደርምሶ ሲመጣ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ ለቀለቀኝ። ነጭ ሆኜ ወደ ግቢው ወጣሁ። እትዬ ዘርፌ አንሶላ ስታሰጣ አየችኝና ደረቷን ይዛ ሳቀች።

«አንተ መልካሙ! ኖራ የተቀባኸው ለየትኛው በዓል ነው?»

«ሥራ ነው እትዬ። አንቺ አይገባሽም።»

«ይገባኛል እንጂ። ቦይለሩን ልታጥብ ገብተህ ቦይለሩ አጥቦህ ወጣህ።»

ልቅ ዝቃጩ በዚህ ወጣ። መግቢያውን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ውሃው ታቹን እንዲያማስለው አደረግሁ፤ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እናንተም እንደዚህ አድርጉ። ድንጋዩ ግን ከብረቱ ጋር ተጋብቷል፤ ንቅንቅ አላለም።

የበርሜሉን ሽፋን ፈትቼ ውስጡን ለማየት ጭንቅላቴን አስገባሁ። አየሁ። የመውጫው ነገር ግን አልታሰበበትም ነበር። ጆሮዎቼ ሲገቡ ተጣጥፈው ገቡ፤ ሲወጡ እምቢ አሉ። እትዬ ዘርፌና አንድ ዘበኛ መጡ። ዘበኛው ቅቤ ይቀባ አለ። እትዬ ዘርፌ በዐቢይ ጾም ቅቤ በጭንቅላትም ቢሆን አላስነካም ብላ ተቆጣች። በኑግ ዘይት ወጣሁ። እስከ ፋሲካ ድረስ የኑግ ሽታ አልለቀቀኝም።

ያየሁት ግን ዋጋ ነበረው። ድንጋዩ ጣት የሚያህል ውፍረት አለው። በብረት ብፍቀው በርሜሉን እበሳዋለሁ። ሎሚ የማንቆርቆሪያን ነጭ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ የሎሚ አገር ግን ቆላው ነው። የሚያመጡልን በጋሸና በኩል የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች ናቸው፤ በዚያ ሰሞን መኪና አልመጣም። አቼቶ ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል። ምን የሚኮመጥጥ ነገር አለ ብዬ ሳስብ እትዬ ዘርፌ ትዝ አለችኝ፤ ፊቷ ማለቴ አይደለም። ለማኅበር የጠመቀችው ጠላ ኮምጥጦባት ስታዝን ሰምቼ ነበር።

አንድ ኩባያ ለመንኳት። የድንጋዩን ፍርካሽ ጣልኩበት። ሽው አለ፤ አረፋ ደፈቀ፤ ድንጋዩ ይበላ ጀመር። ጮህኩ።

«ጋኑን በሙሉ ስጪኝ!»

«ጠላዬን ለብረት?»

«ብረት አይሰክርም እትዬ።»

«አንተን ያየ ብረት ሳይጠጣም ይሰክራል። ውሰደው፤ አተላውንም ጨምረህ ውሰድልኝ፤ ጋኑን እፈልገዋለሁ።»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ጠላው ይበቃ ነበር። እኔ ግን የላስታ ሰው ነኝ፤ የወፈረ ነገር ሁሉ ኃይለኛ ይመስለኛል። አተላውንም ጨመርኩት። ለጓድ ታረቀኝም አልነገርኩም፤ ለማስገረም ነበር።

ሁለት ቀን በስሱ እሳት አቆየሁት። ከዚያ ከፍቼ የእትዬ ዘርፌን የእንጨት ማማሰያ ስሰድበት፣ ያ ድንጋይ እንደ ቂጣ እየተነሣ መጣ። ብረቱ ጥርት ብሎ ታየ። አባቶቻችን ድንጋይ ከላይ ወደ ታች ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን አወጡ፤ እኔ ከታች ወደ ላይ ፈልፍዬ ሙቅ ውሃ አወጣሁ። ይህን ያኔም ተናግሬዋለሁ። የሰሙኝ ቄስ፣ «ለእነሱ መላእክት አግዘዋቸዋል፤ ለአንተ ማን አገዘህ?» አሉኝ። አተላ ማለት አፈርኩ።

ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጬ ለሽፋኑ ማሸጊያ ሠራሁ፤ አሰርኩ፤ ሞላሁ፤ አነደድኩ። ጸጥ። እንደ ሕፃን ተኛ። ደረቴን ነፍቼ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባሁና የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፈትኩ። እንፋሎቱ ሲነሣ ክፍሉ የሠርግ ቤት ሸተተ። ጌሾ፣ ጭስ፣ እርሾ። አተላው በየቧንቧው መታጠፊያ ገብቶ ተደብቋል፤ ሙቀት ሲያገኘው ሽታውን አወጣው።

እትዬ ዘርፌ በመስኮት አንገቷን አስግጋ፣ «የማን ተዝካር ነው?» አለች።

ነገ ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ አጥበዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ተቆጣጣሪው ግን ከተባለው ቀን ቀድመው፣ ያን ዕለት ማታ ደረሱ።

ጓድ ሰይድ ይባላሉ። የመርሳ አካባቢ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ። ከጋሸና ወዲህ ያለው አቧራ ቅንድባቸው ላይ ተቀምጧል። ጓድ ታረቀኝ ገላዎን ይታጠቡ ብለው ሲለማመጧቸው እኔ በልቤ ስለት ተሳልኩ። ደክሞኛል ብለው ተኙ። ስለቱን ከፍያለሁ።

ጎህ ሳይቀድ እሳቱን ለኩሼ ቆሜ ሳለሁ ጓድ ሰይድ ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። ቆባቸውን አላደረጉም። እጅጌያቸው እስከ ክርን ተሰብስቧል። በዚያ ብርድ ባዶ እግራቸውን ናቸው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ የአክስቴ ባል ሙስሊም ነው፤ ልጆቿ ወንድሞቼ ናቸው። በዚህ ሰዓት እጅጌውን የሰበሰበ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ነጋሪ አያስፈልገኝም። የመንግሥት ሰው ሲሰግድ መታየት በማይችልበት ዘመን ለምን በጨለማ እንደመጡም ገባኝ።

«ሙቅ ውሃ አለ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አለ ጓድ።»

መታጠቢያ ቤት ገብተን ቧንቧውን ከፈቱ። ማንቆርቆሪያው ግማሽ ሲሆን ቀና አሉ። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

ቧንቧው አርጅቶ ነው ብል ያምኑኛል፤ ቸኩለዋል። በጠላ ውሃ ታጥበው ይሰግዳሉ። እውነቱን ብናገር ደግሞ የመንግሥትን ቦይለር ጠላ ያጠጣሁ፣ ለተቆጣጣሪ በገዛ አፌ የተናዘዝኩ አሻጥረኛ ነኝ።

«በዚህ ውሃ አይታጠቡ ጓድ» አልኩ።

«ለምን?»

«ጠላ ነክቶታል።»

«ጠላ?»

«አተላም አለበት።» ይህን ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ቧንቧውን ዘጉ። «ፊቴን ልታጠብ ነው። ፊት ጠላ ቢነካው ምን ይሆናል?»

«ለፊት ከሆነ ምንም አይሆንም። ለሌላ ከሆነ ግን ይሆናል።»

ወደ ዘበኞቹ በር ዘወር ብለው አዩ። «ሌላ ነገር አይተሃል?»

«እኔ ከቦይለር በቀር የማየው ነገር የለም ጓድ። እሱንም በደንብ አላየሁት ኖሯል።»

በከንፈራቸው ጫፍ ሳቅ አለፈ። ማንቆርቆሪያውን ደፉት። «የምንጭ ውሃ ታገኛለህ?»

ሮጥኩ። ውሃ ነበር፤ ማሞቂያ ዕቃ ነው የቸገረኝ። ከእትዬ ዘርፌ ዕቃ ውስጥ ጠላ ያልነካው የለም። በመጨረሻ ለእንግዳ ሻይ ብቻ የሚወጣውን ማንቆርቆሪያ ከሳጥን አወጣሁ፤ አለቅልቄ አሞቅኩላቸው። ይዘው ወደ ቦይለሩ ክፍል ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንጨት ፈለጥኩ። ሰው ቢመጣ ፍልጥ ይዘጋው ብዬ፣ ድምፅም ቢሰማ የመጥረቢያ ይሁን ብዬ ፈለጥኩ። ያ ሁሉ እንጨት ለወር ተረፈ።

ሲነጋ ቁጥጥሩ ተጀመረ። ጓድ ታረቀኝ ፊት ፊት እየሄዱ፣ «ቦይለራችን አሁን ድምፅ የለውም» እያሉ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈቱ። እንፋሎቱ ተቀበላቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«መልካሙ! ምንድን ነው ይኼ? አላልኩም? ይኼ አሻጥር ነው!»

«ቆይ ጓድ ታረቀኝ፣ እንስማው» አሉ ጓድ ሰይድ። ወደ እኔ ዞሩ፤ የንጋቱ ሰው በፊታቸው ላይ የለም። «በጠላ የታጠበ ቦይለር የት አይተሃል?»

«የትም።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም።»

«ክፈተው።»

እሳቱን አወጣሁ፤ ውሃውን አፈሰስኩ፤ ሽፋኑን ፈታሁ። እኔ ደግሞ ቱታዬን ተሰናበትኩት፤ የእስር ቤት ስንቅ ማን እንደሚያመላልስልኝ እያሰብኩ ነበር። ጓድ ሰይድ ባትሪ አብርተው ውስጡን አዩ። ታቹን በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት። ጭንቅላታቸውን አላስገቡም፤ የተማሩ ሰው ናቸው።

«ብረቱ ንጹሕ ነው» አሉ። «ሽታው ሥራው አለማለቁን ነው የሚያሳየው። ያላለቀ ሥራ አሻጥር አይደለም።»

ጓድ ታረቀኝ ወዲያው ቀና አሉ። «በአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ ነው የታጠበው ጓድ! መመሪያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አተላውንም ያስጨመሩት እርስዎ ነዎት?»

«አተላውን… አተላውን እንኳ እሱ ነው።»

እትዬ ዘርፌ ፎጣ አፏ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ቀኑን ሙሉ አጠብኩት። ባዶ ውሃ አፍልቼ ደፋሁ። የአመድ ውሃ አጥልዬ አፈላሁበትና ደፋሁ። ቧንቧዎቹን እየፈታሁ በሽቦና በጨርቅ ጎረጎርኩ። በየመካከሉ ጓድ ሰይድ እየመጡ በመዳፋቸው ይቀበላሉ፤ ያሸታሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አሸተቱና፣ «አሁን ውሃ ሆነ» አሉ። ሲነጋም ሲመሽም በዚያው ውሃ ታጠቡ። ሦስተኛው ቀን ሄዱ። ከመኪናው ሆነው እጄን ጨበጡ።

ቱታው መጣ። እኔን የመሰለ ሁለት ሰው የሚያስገባ ነበር። እግሩን ሦስት ጊዜ አጥፌ ገበያ ወጣሁ። ሰው አየኝ፤ ያለው ግን እንደጠበቅኩት አልነበረም፤ «ቱታው ማንን ይዞ ነው የሚሄደው?» አለ።

በሥራ ዘመኔ የሠራሁትን ልቁጠርና ላብቃ። የማረፊያውን ቦይለር ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አጥቤያለሁ፤ አንድም ቀን አልተኮሰም። ፍላቂት ላይ የአንድ ጤና ጣቢያ ማሞቂያ ከፍቼ ቀበሌ የሚለስን ነጭ አውጥቻለሁ። ጋሸና ላይ የምግብ ቤት በርሜል ጠግኜ በነጋታው ሌላ ቦታው ላይ በስቼዋለሁ፤ እሱንም ጠግኛለሁ። ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግሬ ሄጄ ቦይለር እንደሌላቸው አረጋግጬ ተመልሻለሁ። ከረዳትነት ወደ ጥገና ኃላፊነት አድጌያለሁ፤ የምመራው ሰው አልተሰጠኝም እንጂ። አተላ ዳግመኛ አልተጠቀምኩም። አንድ ሰው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ እንዲሰግድ አድርጌያለሁ።

ቦይለር አጥባችሁ ስትጨርሱ፣ ሌላው ሰው ከመታጠቡ በፊት እናንተ ፊታችሁን ታጠቡበት።